ሞተሩ ሲጠፋና ደመናው ሲጠቁር፦ ከደሴ ወርዶ በሎጎ ሐይቅ ላይ በጀልባ ለሚጓዝ ሰው

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ከከፍታ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው በተራሮች መካከል የተቀመጠ ገበቴ ሙሉ ውሃ ይመስላል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑና ማዶው ሁልጊዜ ስለሚታይ፣ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ጀልባ ላይ ሲሳፈር ራሱን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ አያስብም። ይሁን እንጂ የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ማዶው መታየቱም ለቀዛፊ ብዙ አይጠቅመውም፤ ሁለት ብርቱ ሰዎች ጸጥ ባለ ውሃ ላይ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሊቀዝፉ ቢችሉም፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣባቸው ባሉበት መቆየት ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከአምስት ሜትር በማይበልጥ ጀልባ፣ ከኋላ በሚንጠለጠል ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ የሐይቁን ዳር ተከትሎ ለሚጓዝ ሰው ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአንድ የሚያዝያ እሑድ ከአጎቴ ልጅና ከኮምቦልቻ ከመጡ ሁለት ጓደኞቼ ጋር ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ሳለ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አንገራግሮ ጠፋ። የማስነሻ ገመዱን ተራ በተራ ስንስብ ሃያ ደቂቃ አለፈ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ከኋላችን ያለው ደመና ጠቆረ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ወረደ፣ ውሃው ነጭ አረፋ አወጣ። ከዳር የደረስነው ጀልባችን በግማሽ ውሃ ተሞልቶ፣ እጃችን በመቅዘፊያው ተልጦ ነበር። በማግስቱ ደሴ ላይ ሞተሩን ስንመረምረው አንዳች ጉድለት አልነበረበትም፤ የነዳጅ ጀሪካኑ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ብሎን ለመፍታት ረስተን ኖሯል።

ሁለት ጣት የምትፈታው ብሎን አራት ሰው ልታሰጥም የተቃረበችው ነፋሱ በዚያው ሰዓት በመምጣቱ ነው። ጠዋት በ2 ሰዓት ቢሆን ኖሮ እየተሳሳቅን እንቀዝፍ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ፣ ስለ ሞተርም ሆነ ስለ ሰማይ ሲናገር፣ ብልሽቱና ነፋሱ በአንድ ሰዓት እንዳይገናኙ ለማድረግ የታሰበ ነው።

ደሴ ላይ የሚያልቅ ሥራ

ሐይቁ ዳር ደርሶ መሣሪያ መፈለግ አይቻልም። የሚፈተሸው ሁሉ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን በቤት ግቢ ውስጥ ይፈተሽ። ሞተሩን በግማሽ በርሜል አፍ ላይ በጠንካራ ጣውላ አስረው ያቁሙት፣ ውሃው የማቀዝቀዣውን መግቢያ ቀዳዳዎች እስኪሸፍን በርሜሉን ይሙሉ፣ ከዚያም ማርሽ ሳያስገቡ ያስነሡት። ከጎኑ ወይም ከኋላው ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን የውሃ ጅረት ያለማቋረጥ መውጣት አለበት። ጅረቱ ከሌለ ወይም የሚንጠባጠብ ከሆነ የውሃ ፖምፓው የጎማ ክንፎች አልቀዋል፣ ወይም መተላለፊያው ተደፍኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ይዞ መውረድ አይገባም። ለአሥር ደቂቃ ሳይጠፋ ከሠራ ግን አብዛኛው ጥርጣሬ ተወግዷል።

ስለ ሞተሩ ጉልበት ከተማችን ያለችበትን ከፍታ የለመደ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩትና የተስተካከሉት በአብዛኛው በባሕር ወለል ከፍታ እንዲሠሩ ታስቦ ነው፤ የሐይቁ ወለል ግን ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል፤ በመሆኑም 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው እዚህ እንደ 12 ነው የሚሠራው። ካርቡሬተሩም ለአየሩ መጠን የበዛ ቤንዚን ስለሚሰጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ቶሎ በጥላሸት ይሸፈናል። በዚህ ምክንያት ሁለት ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ መያዝ በእኛ አገር ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ግዴታ ነው። ጀልባውን በሰው ሲጭኑም የቀነሰውን ጉልበት ያስቡ፤ ስድስት ሰው ይችላል የተባለውን በአራት ቢወስኑ አይጸጸቱም።

ቤንዚኑ ከየት እንደተገዛ ማወቅ ይበጃል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ከገዙ፣ ጥቂት በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው ለግማሽ ሰዓት ያቁሙት። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፣ ወሰኑም በዓይን ይታያል። ሞተሩ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ የአምራቹን መጠን ይከተሉ፤ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ነዳጁን ደግሞ በሦስት ይክፈሉት፤ ሲሦው ለመሄጃ፣ ሲሦው ለመመለሻ፣ የቀረው ሲሦ ነፋስ ፊት ለፊት ለመጣበት ጊዜ የሚቀመጥ ነው። ይህ ሦስተኛው ክፍል ሳይነካ ቢመለስ ብክነት አይደለም።

በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው አንዲት ቀጭን ፒን ናት። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ፒኗ ተቆርጣ የውስጡን ጥርሶች ታድናለች። ትርፍ ፒን ደሴ ውስጥ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ዞሬ ስላጣሁ ኮምቦልቻ በሚገኝ የቶርኖ ቤት አስቀርጬ ነበር። ባለሙያው በቅን ልቡና «አብሽር፣ ይቺ ሁለተኛ አትቆረጥም» ብሎ ከጠንካራ ብረት ሠራልኝ፤ ምስጋናዬ ቢገባውም ፒኗን አልተጠቀምኩባትም። መቆረጥ ሥራዋ ነውና፣ እንደ መጀመሪያዋ ለስላሳ ከሆነ ነሐስ ወይም ከተመሳሳይ ብረት እንዲሠራልዎ አስቀድመው ይንገሩ። ከሁለት ትርፍ ፒን ጋር ኮፒሊያ (ፕሮፔለሩ እንዳይወጣ የሚቆልፈው ባለ ሁለት እግር ሽቦ)፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ደረቅ ጨርቅና አንድ ጥቅል ፕላስተር በአንድ ባልዲ ውስጥ ይግቡ። ባልዲው ራሱ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል።

የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ ያስፈልጋል፤ ለሕፃን የአዋቂ ጃኬት አልብሶ መሄድ ዋጋ የለውም፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣልና። ጃኬቱን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ሆኖ ጉዞው ቢዘገይ ይዘግይ። ከዚያ በተጨማሪ ክዳናቸው ጠብቆ የተዘጋ ሁለት ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካኖች በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰሩ። አንድ ባዶ ጀሪካን 19 ኪሎ ያህል ክብደት በውሃ ላይ ይሸከማል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ራሱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ድጋፍ ከስድስት ኪሎ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ አንዱ ጀሪካን ሁለት ሦስት ሰው ያቆያል። ነገር ግን ጀሪካን የሚጠቅመው እጁ መያዝ ለሚችል ሰው ነው። ለደነዘዘ ወይም ራሱን ለሳተ ሰው ጃኬቱን አይተካም።

ሰዓትና ሰማይ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ መከታተል ተገቢ ነው፤ ለሰፊ አካባቢ የተሰጠ ትንበያ ግን ከአንድ ሸለቆ በላይ የትኛው ደመና በስንት ሰዓት እንደሚፈነዳ አይነግርም። ይህን የሚነግረው ሰዓቱና ሰማዩ ነው። በወሎ በበልግ፣ ማለትም ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም በክረምት፣ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ይሆንና ፀሐይ የተራሮቹን ጎን ካሞቀች በኋላ ሞቃት እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሣል። ከዚህ የሚፈጠረው ደመና ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ሆኖ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በፊት ጀልባውን ዳር ማስቀመጥ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥ መከላከያ ነው። ቁርስ በልቶ መውጣት የሚሉት ልማድ ለደሴ ሰው የተመቸ ነው፤ ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ 4 ሰዓት ይሆናል። እንዲህ የዘገየ ቡድን ጀልባውን ትቶ ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ ጥብስ ቢበላ ይሻለዋል።

ደመናው ምን እያደረገ እንደሆነ በየሩብ ሰዓቱ ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በተለይም ከጀርባ ያለውን። ከረፋዱ ጀምሮ እንደ አበባ ጎመን እየተደራረበ ወደ ላይ የሚያድግ፣ ጫፉ የደነደነና ሥሩ የጠቆረ ደመና የመመለሻ ምልክት ነው። አናቱ ተዘርግቶ እንደ አንጥረኛ መስፍ ጠፍጣፋ ከሆነ ነጎድጓዱ ተጀምሯል። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ድንገተኛ ጸጥታን ነው። ሲነፍስ የቆየው ነፋስ በድንገት ቆሞ አየሩ ከታፈነ በኋላ ፊትን የሚነካ ቀዝቃዛ አየር ከመጣ፣ ከዝናቡ ጋር ተገፍቶ የወረደው አየር ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

መብረቅ ባዩ ጊዜ ድምፁ እስኪሰማ ሴኮንድ ይቁጠሩና ለሦስት ያካፍሉት፤ ውጤቱ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ቆጥረው ከሰሙት አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ አለ፣ ይህም ሊመታዎ ከሚችልበት ርቀት ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ውሃ ላይ መቆየት አይገባም፤ ዳር ከወጡ በኋላም የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ጀልባው አይመለሱ። ውሃውንም ያንብቡ። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም መታየት ሲጀምር ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ አረፋው በየቦታው ሲበዛ ከ20 አልፏል። ለአምስት ሜትር ጀልባ የመመለሻው ሰዓት የመጀመሪያው አረፋ ነው፤ የሚመለሱትም ሞተሩ ደህና እየሠራ ሳለ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት ዳር ለሚቀር አንድ ሰው የሚመለሱበትን ሰዓት፣ የሚሄዱበትን አቅጣጫና የሰዎቹን ቁጥር ይንገሩ። ስልክ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከአንገት ይታሰር። ከአደጋ ጊዜ የቁጥሮች ዝርዝር ይልቅ ጀልባ ያለው አንድ ዓሣ አስጋሪ ስልክ ቁጥር ይጠቅማል።

ሞተሩ ሲጠፋ

ሞተሩ በጠፋባት ቅጽበት የማስነሻ ገመዱን መሳብ የሁሉም ሰው ፈተና ነው፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ግን ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ጃኬቱን ያጥብቅ፣ አንድ ሰው መቅዘፊያ ይዞ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ያዙር፣ ሌላው ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋችሁና ከዳር ምን ያህል እንደራቃችሁ ይመልከት። ጥልቀቱ የሚፈቅድ ከሆነ መልሕቅ ይጣል። በአምስት ሜትር ጥልቀት ላይ መልሕቅ የሚይዘው ገመዱ ከ25 እስከ 35 ሜትር ከተለቀቀለት ነው፤ ገመዱ አጥሮ ቀጥ ብሎ ከቆመ መልሕቁ ይነቀላል። ገመዱም ሁልጊዜ ከፊት ይታሰር። ከኋላ የታሰረ እንደሆነ የሞተሩ ክብደት ባለበትና ጠርዙ ዝቅ ባለበት በኩል ሞገዱ ዘልሎ ይገባል። በሐይቁ መካከል ግን የትኛውም ገመድ ታች አይደርስም። ያን ጊዜ ባልዲው ባዶ ይደረግና፣ ገመድ በመያዣው ብቻ ሳይሆን በወገቡም ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ ከፊት በኩል ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀት ውሃ ውስጥ ይለቀቅ። ውሃ የሞላው ባልዲ እየጎተተ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል፣ መገፋቱንም ያዘገየዋል።

ከዚያ በኋላ ለምርመራው አሥር ደቂቃ ይስጡት፣ ሰዓቱንም አንድ ሰው ይያዝ። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። የማጥፊያው ቀይ ገመድ ከቦታው ወጥቶ እንደሆነ ይታይ። ቀጥሎ የጀሪካኑ የአየር ብሎን ይታይ። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ቀስ በቀስ እየደከመ ከጠፋ በአብዛኛው ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወጣምና። ቀጥሎ በነዳጁ ቱቦ ላይ ያለው የጎማ ፖምፓ እስኪጠነክር ይጨመቅ። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ መጠቆም አለበት። ሲጨመቅ ፈጽሞ የማይጠነክር ከሆነ ቱቦው ከአንዱ ጫፍ ላልቷል፣ አየር ያስገባል፣ ወይም ጀሪካኑ ባዶ ነው።

የቤንዚን ሽታ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ታፍኗል። ቾኩን (ሞተር ሲነሣ አየሩን የሚያሳንሰውን መዝጊያ) ይመልሱ፣ ካንዴላውን ፈትተው በጨርቅ ያድርቁ ወይም በአዲስ ይተኩ፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ገመዱን ጥቂት ጊዜ ይሳቡ። በእኛ ከፍታ ጥቁርና እርጥብ ካንዴላ የተለመደ ነው። ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ግን ችግሩ የነዳጅ አለመድረስ ስለሆነ ወደ ቱቦውና ወደ ማጣሪያው ይመለሱ። ማጣሪያው ግልጽ ከሆነና ከሥሩ የውሃ ጠብታ ከታየ፣ ተፈትቶ ይደፋ፣ በቀረው ንጹሕ ቤንዚን ይሞከር። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ሲጋራ ማንም እንዳያጨስ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፤ አይቼ ስለማውቅ ግን እናገራለሁ።

ሞተሩ እየሠራ የማቀዝቀዣው ጅረት ከቆመ ራስዎ ቶሎ ያጥፉት። ቄጠማ ወይም የፌስታል ቁራጭ መግቢያውን ሸፍኖት ይሆናል፤ ሞተሩን አንሥተው ያጽዱት፣ መውጫዋንም ቀዳዳ በሽቦ ይክፈቱ። ሳይጠፋ የቀጠለ ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግሎ ይነክሳል (ውስጡ ይጣበቃል)፣ ከዚያ ወዲያ ውሃው ላይ የሚጠገን ነገር አይኖርም። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ፒኗ ተቆርጣለች። በምትለውጡበት ጊዜ ከሥር ጨርቅ ወይም ባዶ ማዳበሪያ ይዘርጉ፤ ከእርጥብ ጣት ያመለጠች ኮፒሊያ ወደ ሐይቁ ወለል ከሄደች አትመለስም።

የዓሣ መረብ ጉዳይ በሎጎ ሐይቅ ልዩ ትኩረት ይሻል። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ከገባበት ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ማስገር የብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ መረቦቹም ተንሳፋፊ ምልክታቸው ባዶ ጠርሙስ ወይም እንጨት ብቻ ሊሆን ይችላል። በመስመር የተደረደሩ ጠርሙሶች ባዩ ጊዜ ዙረው ይለፉ። ፕሮፔለሩ ከተጠለፈ ሞተሩን ያጥፉ፣ የማጥፊያውን ገመድ ከቦታው ያውጡ፣ ሞተሩን አንሥተው መረቡን ከተጠመጠመበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይፍቱ። ቢላዋ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከተቆረጠም ባለቤቱን ፈልጎ ካሣውን መነጋገር ይገባል። በነፋስ ጊዜ ሊያወጣዎ የሚመጣው ያው ሰው ነው።

አሥሩ ደቂቃ ካለቀ ሞተሩን ይተዉት። ይህን ውሳኔ ለመቀበል የሚከብድ ቢሆንም፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር መቅዘፍ ከሩብ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ ሥራ ሲሆን፣ ነፋስ ከተነሣ በኋላ ግን የማይቻል ሊሆን ይችላል። የሚቀዘፈውም ወደ ተነሣችሁበት ቦታ መሆን የለበትም፤ መኪናው የቆመበት ዳር ሰውን ሳያስበው ይስበዋል። ነፋሱ ቀላልና ወደ ዳር የሚገፋ ከሆነ፣ በሁለት መቅዘፊያዎች መካከል የተወጠረ የዝናብ ሸራ ለሸራ ጀልባ እንደሚሆነው ሁሉ ይሠራል፤ አንድ ሰው በሦስተኛው መቅዘፊያ ከኋላ አቅጣጫ ይያዝ። ነፋሱ ሲበረታ ሸራው ወዲያው እንዲወርድ የያዙት ሰዎች በእጃቸው ይያዙት እንጂ ከጀልባው ጋር አይሰሩት።

ነፋሱ ከደረሰ

ሞተሩ እየሠራም ሆነ ሳይሠራ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ሁሉም ሰው ከመቀመጫው ወርዶ በጀልባው ወለል ላይ እንዲቀመጥ ነው። ትንሽ ጀልባ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ ሰው ተነሥቶ ሲቆም ወይም ሁሉም በአንድ ጎን ሲጋፋ ነው። ዕቃው መሀል ላይ ይታሰር። አንድ ሰው ውሃ የመቅዳት ሥራ ብቻ ይሰጠው፤ ወዲያ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ውሃ ጀልባውን ከክብደቱ በላይ ያናውጠዋልና ውሃው እስኪበዛ መጠበቅ አይገባም።

ቀጥሎ የሚመረጠው ዳር ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው ዳር ኮረብታ ስለሚከልለው ውሃው እዚያ ጸጥ ይላል፤ ሞተር ካለና ቅርብ ከሆነ ወደዚያ መጠጋት የተሻለ ነው። ነፋሱ የሚገፋበት ዳር ግን ሞገዱ ሁሉ የሚሰበርበት ነው፤ ድንጋያማ ከሆነ ጀልባውን ይሰብራል። ገዳመ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበት በዛፍ የተሸፈነ ልሳነ ምድር ከሩቅ የሚታወቅ ጥሩ ምልክት ነው፤ ነገር ግን የወንዶች ገዳም በመሆኑ፣ ሴቶች የተሳፈሩበት ጀልባ በሌላ በኩል የሚወርድባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ጠዋት በጸጥታው ጊዜ አይቶ መያዝ አለበት።

ሞገዱን በጎን መቀበል አደገኛ ነው፤ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት መጋፈጥም አፍንጫውን እያነሣ ይጥለዋል። የሚሻለው አፍንጫውን ከሞገዱ አቅጣጫ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ጀልባው ለመታዘዝ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነዳጅ እየሰጡ ቀስ ብሎ መጓዝ ነው። መዞር የግድ ከሆነ ሞገዶች በቡድን ስለሚመጡ ትላልቆቹ ሦስት አራት ካለፉ በኋላ ባለው እፎይታ በአንድ ጊዜ ይዙሩ። ከሞገዱ ጋር አብሮ መሄድ የሚመች ይመስላል፤ ሆኖም ጀልባው ሞገዱን ቀድሞ ሲወርድ አፍንጫው ይጠልቃል፣ ከኋላም የሚደርሰው ሞገድ በሞተሩ በኩል ይገባል። የግድ ከሆነ ረጅም ገመድ ከኋላ ውሃ ውስጥ ጎትቶ ፍጥነትን መቀነስ ይረዳል። ሞተር ከሌለ ደግሞ ያ ባልዲ ከፊት ታስሮ ይቆያል፤ ጀልባው እየተገፋ ዳር ሲቃረብና መልሕቅ ታች ሊደርስ ሲችል፣ ሞገዱ ከሚሰበርበት ቦታ ቀድሞ መልሕቁ ይጣል፤ ከዚያ ገመዱን ቀስ በቀስ እየለቀቁ መጠጋት ይቻላል።

መብረቁ ከላይ ሲሆን መቅዘፊያም ሆነ ማንኛውም የቆመ ነገር ይውረድ። ሁሉም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ እጅ ውሃ ውስጥ አይግባ፣ ሞተሩንና ሌላ ብረት የሚነካ ሰው የሚነዳው ብቻ ይሁን። ዳር የወጣ ሰው ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የለበትም። መኪና በቅርብ ካለ መስኮቱን ዘግቶ ውስጡ መቀመጥ ይበቃል።

ከተገለበጠ

የተገለበጠ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥምና ማንም እንዳይለየው። ዳሩ ቅርብ የሚመስለው ዓይን በውሃ ላይ ርቀትን አሳንሶ ስለሚያይ ነው፤ ዋና የሚችሉ ሰዎች ጀልባቸውን ትተው በመዋኘታቸው የሚጠፉትም ለዚህ ነው። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ የሰውን ሙቀት ስለሚወስድ፣ ጃኬት የለበሱት ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ ሕፃናቱን መሀል አድርገው፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቆዩ። ጀሪካኖቹ ከጀልባው ጋር እንደታሰሩ ይቆዩ። ፊሽካ ካለ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ ይነፋ። ሌላ ጀልባ ሲታይ ሁለቱን እጆች ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ደጋግሞ ማንሣትና ማውረድ በባሕር የታወቀ የእርዳታ ጥሪ ነው፤ እጅን ማውለብለብ ግን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሰላምታ ይመስለዋል።

ከውሃው የወጣው ሰው እርጥብ ልብሱ ወልቆ በደረቅ ጋቢ ይጠቅለል፣ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ይሰጠው፤ አረቄ አይሰጠው። የሚንቀጠቀጠው ካቆመና ንግግሩ ከተወላገደ እያባበሉ መጠበቅ አይገባም፣ በቀጥታ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሞተሩ ሰጥሞ ከወጣ ደግሞ እዚያው ካንዴላው ይፈታ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ተደርጎ ገመዱ ቀስ እየተሳበ ውሃው ይፍሰስ፣ ካርቡሬተሩ ይደፋ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ይጨመር። ገመዱ አልሳብ ካለ በጉልበት አይሳብ። ውስጡ አየር የነካው እርጥብ ብረት በአንድ ሌሊት ዝገት ስለሚይዝ፣ ደክሞኛል ብሎ ለነገ ሳያሳድሩ በዚያው ምሽት ደሴ ግቢ ውስጥ በርሜሉ ላይ መልሶ አቁሞ ማስነሣትና ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራት ያስፈልጋል።